ለጋሽ በላቸው የቆረጥኩለት ስድስት ወር

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሚስቴ አታውቀውም። ለንስሐ አባቴ ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ ስዘረዝር ይቺን ብቻ እየዘለልኩ ኖሬአለሁ። እሳቸው "ሌላስ?" ይሉኛል፤ እኔ "ሌላ የለም አባቴ" እላለሁ። ነበረ እንጂ! ገና ብዙ ዕድሜ የነበረውን ሰው "ስድስት ወር ቀርቶሃል" ብዬዋለሁ። መሳሳቴን ካወቅሁ በኋላም ዝም ብያለሁ።

አንተ የምታነበኝ ሰው፣ ለጥቂት ጊዜ ራስህን እንደ ንስሐ አባቴ ቁጠርና ስማኝ። አስቀድሜ ግን ላስጠንቅቅህ፤ ታሪኩ ያስቃል። እኔም ስጽፈው ሦስት አራት ቦታ ላይ ስቄአለሁ። የሚያስቅ ኃጢአት ለመናዘዝ ከሚያስለቅሰው የበለጠ ይከብዳል፤ ሰው አብሮህ እየሳቀ "ተወው፣ ምንም አይደል" ይልሃል። አደራህን፣ አትበለኝ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ የኩባ ሐኪሞች ድሬዳዋ በነበሩበት ዘመን። እኔ የሃያ አራት ዓመት የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነበርኩ። ደም እወስዳለሁ፣ ወባ እፈልጋለሁ፣ ሰገራ እመረምራለሁ። ነጭ ጋዋኔን ሳላወልቅ በሠፈራችን በከዚራ ዛፎች ሥር ወደ ቤቴ ስሄድ ሰው "ዶክተር" ብሎ ሰላም ይለኛል። እኔም አላርምም። ለምን አላረምኩም? ደስ ስለሚለኝ ነዋ! በደሌ የጀመረው ከዚያ ነው።

ጋሽ በላቸው ጎረቤታችን ነበር። እኛ ድሬዎች አንቱታ ብዙም አይሆንልንም፤ አባታችንንም "አንተ" እያልን ነው ያደግነው። ስለዚህ "ነበር" ስል ንቄው እንዳይመስልህ። የባቡር መካኒክ ነው፤ የባቡር መካኒክም ልጅ ነው። ረጅም፣ ኮስታራ፣ ከሰላምታ በቀር ቃል የማይወጣው ሰው። በቤቱ ውስጥ የማይነሳ አንድ ስም ነበር፤ ሙሉ። ሙሉ አንዲት ልጁ ናት። ከከተማው ወጣ ብላ ከምትገኘው ቢዮ አዋሌ አህመድ የሚባል ነጋዴ ወድዳ፣ ሃይማኖቱን ተቀብላ አገባችው። ጋሽ በላቸው "ልጅ የለኝም" አለ፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ስሟን አልጠራም። ሚስቱ እትዬ አስካለ ግን በርበሬ አለቀ፣ ጨው አለቀ እያለች ቀፊራ ገበያ ትወርድና ከልጇ ጋር ትገናኛለች። ይህን ሠፈሩ በሙሉ ያውቃል።

አንድ ቀን ጋሽ በላቸው ሥራው ላይ ወደቀ። ራስ ምታቱን ለወራት ደብቆ ኖሯል። ኩባዊው ሐኪማችን ዶክተር ራሞን ዓይኑን በመብራት አየና ጭንቅላቱ ውስጥ ዕጢ ሳይኖር አይቀርም ብሎ አዲስ አበባ ላከው። እዚያ ከፍተው ዕጢውን አወጡለት። ራሱ ተላጭቶ፣ ነጭ ፋሻ ተጠምጥሞበት በባቡር ተመለሰ። ከዕጢው የተቆረጠችውን ቁራጭ መርምረው ውጤቱን በፖስታ እንደሚልኩ ተነገረው።

ፖስታው ሲደርስ ዶክተር ራሞን ሁርሶ ጦር ሠፈር ወታደሮቹን ለማከም ሄዶ ነበር፤ ለሳምንታት አይመለስም። ፖስታው በላቦራቶሪው ስም ስለመጣ እኔ ከፈትኩት። አንዲት የመስታወት ናሙናና በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ደብዳቤ። ከደብዳቤው ግማሹ አልገባኝም። "የአንጎል ዕጢ" የሚለው ገባኝ። "ደረጃ አንድ" የሚለው ገባኝ።

አንድ ወፍራም መጽሐፍ ነበረን። ገለጥኩ። የአንጎል ዕጢ በደረጃ ይከፈላል፤ ሴሎቹ በምን ፍጥነት እንደሚባዙ፣ በመካከላቸው የሞተ ሥጋ መኖር አለመኖሩ፣ እነዚህ ምልክቶች በሽተኛው ምን ያህል እንደሚቆይ ይናገራሉ ይላል። በከፍተኛው ደረጃ ላይ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዓመት አይሞላም ይላል። እኔ ደግሞ ከፍተኛው አንድ ነው ብዬ ደመደምኩ። ምን ላድርግ፣ ባቡሩ ላይ አንደኛ ማዕረግ ከሁሉ በላይ ነው። ትምህርት ቤት አንደኛ ከሁሉ በላይ ነው። ሬዲዮኑ ጠላቱን የሚረግመው "አንደኛ ደረጃ ጠላት" እያለ ነው። ገጹን አንድ ጊዜ ገልጬ ቢሆን ኖሮ የደረጃዎቹን ሠንጠረዥ አገኘው ነበር። አልገለጥኩም። መጽሐፉን ከደንኩት፤ አዋቂ ነኝ አልኩ።

በዚያው ቀን ጋሽ በላቸው መጣ።

"ደረሰ?" አለኝ።

"ደርሷል፤ ግን ሐኪሙ ሁርሶ ነው። እሱ ሲመለስ…"

"አንተ አላነበብከውም?"

አላነበብኩም ማለት ስንት ፊደል ነው? አሁንም ድረስ በአፌ እየሞከርኩት አድራለሁ። "አንብቤዋለሁ" አልኩ።

"እንግዲያው ንገረኝ አቦ። እኔ የተሰነጠቀ ብረት ሳገኝ እዚህ ድረስ ያደርስሃል፣ ከዚያ አያልፍም ብዬ ለሾፌሩ በግልጽ ነው የምናገረው። አንተም እንደዚያ ንገረኝ።"

"ስድስት ወር" አልኩት። "ቢበዛ።"

መጽሐፉ ያለው እኮ ዓመት ነው! ስድስት ወርን ከየት አመጣሁት? ዓመት ማለት የሐኪም አነጋገር አልመስል ስላለኝ ነው። ስድስት ወር ስል ድምፄ ወፈር ያለ መሰለኝ። በሰው ዕድሜ ላይ ድምፄን ነበር የማሳምረው።

ኮቱን ቆለፈ። እጄን ጨበጠኝ። "እግዜር ይስጥልኝ፤ ሁሉም ሲያባብለኝ ነበር" ብሎ ወጣ።

በማግስቱ ሥራ አልገባም። ጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ ቢዮ አዋሌ ወረደ። እዚያ የሆነውን በኋላ የነገረኝ አህመድ ነው። ሙሉ ወተት ይዛ ከበሩ ስትወጣ አባቷ ቆሟል። ወተቱ ተደፋ። እሱም ሰላም ሳይል፣ "ልሞት ነው ሙሉዬ፤ እንደተኮራረፍን ልሞት አልፈልግም" አላት። እሷ እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል እሱ ቀድሟት ተንበረከከ። አህመድ ሁለቱን ከመሬት ማንሳት አቅቶት መሐላቸው ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ያኔ የአምስት ዓመቷ ልጃቸው ሰሚራ መጥታ አያቷን አፍጥጣ አየችውና "አንተ ማነህ?" አለችው።

"እኔ ደደቡ አያትሽ ነኝ" አላት።

ሰሚራ ይህ ስሙ መሰላት። ለብዙ ዓመታት "ደደቡ አያቴ" እያለች ነው የጠራችው፤ እሱም አቤት ይላታል።

ስምንት ቀን ቆይቶ ሦስቱንም፣ አንድ ፍየል ጨምሮ፣ ይዟቸው ከዚራ ገባ። ሠፈሩ በእልልታ ተነቃነቀ። እትዬ አስካለ ልጇን በአደባባይ አቀፈቻት፤ ያለ በርበሬ፣ ያለ ጨው ሰበብ። እኔም ከሰዉ መሐል ቆሜ አጨበጨብኩ። ኩራት እንደተሰማኝ ልደብቅህ? ይህን ሁሉ ያመጣሁት እኔ ነኝ እል ነበር።

ጋሽ በላቸው ሌላ ሰው ሆነ። መፍቻዎቹን ለሥራ ባልደረቦቹ አከፋፍሎ ሥራውን ለቀቀ። ጠዋት ጠዋት ይዘፍናል። ዕድሜውን ሙሉ እንደማይሰማ ሆኖ የኖረውን ኦሮምኛ ከአማቹ ጋር አቀላጥፎ ሲያወራ አገር ጉድ አለ። ሰሚራን ትከሻው ላይ አድርጎ የደቻቱን ደረቅ ወንዝ አሸዋ ያቋርጥና መጋላ ሠፈር ወስዶ ሐልዋ ይገዛላታል። ያ አንገቱን ሰብሮ ይሄድ የነበረ ሰው የመንገዱን ሰው ሁሉ በስሙ እየጠራ ሰላም ይላል።

ከዚያ ዶክተር ራሞን ከሁርሶ ተመለሰ።

ደብዳቤውን አነበበ። ናሙናዋን ማይክሮስኮፑ ሥር አደረገና ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያም በዚያ በተሰባበረ አማርኛው "ና፣ እይ" አለኝ። አየሁ። "የሚከፋፈል ሴል አለ? የለም። የሞተ ሥጋ አለ? የለም። ይሄ ሰነፍ ነው፤ በጣም ሰነፍ!" ብሎ ሳቀ። "ሰነፍ ዕጢ ጥሩ። ይሄ ሰውዬ እኔን ይቀብራል፣ አንተን ይቀብራል።"

"ደረጃ አንድ ነው እኮ የሚለው" አልኩ።

"አዎ። አንድ ትንሹ።" አንድ ጣቱን አሳየኝ፤ ከዚያ አራቱን። "ይሄ መጥፎ። አንድ ጥሩ። ነግረኸዋል?"

"ነግሬዋለሁ" አልኩት።

"ደስ አለው?"

"በጣም ደስ ብሎታል" አልኩ። እውነቴን ነበር! በዚያ ቀን በከዚራ ከጋሽ በላቸው የበለጠ ደስተኛ ሰው አልነበረም። "መጥቶ ይታይ" ሲለኝ ገጠር ሄዷል አልኩት። ወር ሳይሞላ ዶክተር ራሞን ጊዜው አልቆ ወደ አገሩ ገባ። ደብዳቤውን የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ቀረሁ።

ናሙናዋን ባየሁበት ሳምንት፣ እሑድ ዕለት፣ ልነግራቸው ወደ ቤታቸው ሮጬ ነበር። በእግዚአብሔር ስም፣ ልነግራቸው ነበር። ቤቱ በሳቅ ተሞልቷል። ሰሚራ አያቷ ራስ ላይ የበቀለውን አዲስ ፀጉር እየነካች ትስቃለች፤ ሙሉና አህመድ ይስቃሉ። እትዬ አስካለ ክንዴን ይዛ ወደ ጓዳ ወሰደችኝ። የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ እየጠመጠመች፣ እንዳይሰሟት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ስንት ቀረው ልጄ?" አለችኝ።

መልሱ አፌ ላይ ነበር። እትዬ፣ ተሳስቼ ነው፤ አይሞትም። ይህን ለማለት ምን ያስፈልገኝ ነበር?

"አምስት ወር ገደማ" አልኩ።

በደሌ ይህ ነው። የመጀመሪያው ስህተት ነበር፤ ይህኛው በደል ነው። እሷ ራሷን ነቀነቀች፣ ዓይኗን ጠረገች፣ ፈገግታዋን አስተካክላ ወደ ሳሎኑ ተመለሰች። እኔም ተከትያት ገብቼ ምሳ በላሁ።

ለምን ዝም አልኩ? ለራሴ ብዙ ምክንያት ሰጥቻለሁ። የማይሞት ከሆነ ልጁን እንደገና ቢያባርራትስ? አልኩ። የሥራ ስህተት በዚያን ጊዜ አሻጥር ተብሎ ያሳስራል አልኩ። ሁለቱም ውሸት አልነበሩም። ነገር ግን ከሁለቱም በታች ሌላ ነገር ተቀምጦ ነበር፤ "ዶክተር" መባሌ እንዳይቀር ፈራሁ። ይኸው ነው። ይህን ያህል ትንሽ ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ እሑድ በመጣ ቁጥር እትዬ አስካለ ትጠይቀኛለች፣ እኔም እመልሳለሁ። አራት ወር። ሦስት ተኩል። ሦስት። የመግነዝ ጨርቅ ገዝታ በሳጥኗ ውስጥ እንደደበቀች ሙሉ ነገረችኝ። እያየሁት የእትዬ አስካለ ጸጉር ነጣ።

ጋሽ በላቸው ግን ጭራሽ ደፋር ሆነ። ቀበሌ ስብሰባ ላይ እጁን አወጣ። ድሮ ስብሰባ ላይ ከኋላ ተቀምጦ የሚያንቀላፋ ሰው ነበር። ለሠፈሩ የሚታደለው ስኳር ከጠፋ ሁለት ወሩ ነው፤ ሁሉም ያውቃል፤ የሚናገር የለም። እሱ ተነሥቶ፣ "ሊቀመንበር፣ ስኳራችንን ማነው የሚልሰው?" አለ።

ሊቀመንበሩ "ጓድ በላቸው፣ ለምትናገረው ተጠያቂ ነህ!" ሲለው፣

"ነኝ። ግን ቶሎ ጠይቁኝ፤ ብዙ ጊዜ የለኝም" አለ።

ሰው ሳቁን መያዝ አቃተው። እኔ ግን አልሳቅኩም። በማግስቱ ጠዋት ሁለት አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ወሰዱት። ሦስት ቀን ታሰረ። ሦስቱን ቀን እህል በአፌ አልዞረም። ያ ሰው ጠመንጃ ፊት የቆመው እኔ በሰጠሁት ስድስት ወር ተደግፎ ነው። እንደማይሞት ቢያውቅ ኖሮ ይቆም ነበር? ቢገድሉትስ ኖሮ ገዳዩ ማን ነበር?

በሦስተኛው ቀን ሊቀመንበሩ "ሟች ነው፣ በእጃችን እንዳይሞት ልቀቁት" ብሎ አስፈታው። በሳምንቱ ስኳሩ መጣ! ሴቶቹ በየደጁ "በላቸው ይኑርልን" እያሉ አመሰገኑት፣ እሱም ኮፍያውን እያነሳ "ለጥቂት ጊዜ!" ይላቸዋል። እኔም አዲስ ምክንያት አገኘሁ፤ አሁን ጤነኛ ነው ብል መልሰው ይወስዱታል። ምክንያቱ እውነት ነበር። ግን በጣም ደስ አለኝ፤ እንደዚያ ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር።

ስድስት ወሩ ደረሰ። እትዬ አስካለ ለቁልቢ ገብርኤል ስለት ተስላለች። አህመድ ደግሞ በቢዮ አዋሌ ሼኹን ዱዓ አስደርጓል። ጋሽ በላቸው ቀኑን በራሱ ቆጥሮ፣ በጠዋት ተነሥቶ ገላውን ታጠበ። የሠርጉን ሙሉ ልብስ ለበሰ፤ ሆዱ ላይ አልቆለፍ ብሎታል፤ አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋለለ። ቤተሰቡ ዙሪያውን ተቀመጠ። እኔንም ጠርተውኝ እግርጌው ቆሜአለሁ። እኩለ ቀን ሆነ። ሰባት ሰዓት ሆነ። ከዚያም ጋሽ በላቸው አንድ ዓይኑን ከፍቶ፣

"አስካለ፣ ዛሬ ምሳ የለም እንዴ?" አለ።

መጀመሪያ የሳቀችው ሰሚራ ናት። ከዚያ ሙሉ፤ ከዚያ ቤቱ በሙሉ። እትዬ አስካለ እየሳቀች እያለቀሰች ወጥ ልታሞቅ ሄደች። እኔም ሳቅኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ከልቤ ነው የሳቅኩት።

ሳምንት አለፈ፤ ወር አለፈ፤ ሦስት ወር አለፈ። ሰውየው ይወፍራል እንጂ አይሞትም። ያኔ አማትና አማች ተከራከሩ። እትዬ አስካለ "ገብርኤል ነው!" ስትል አህመድ "ወላሂ ዱዓው ነው!" ይላታል። ጋሽ በላቸው በመካከላቸው ቁጭ ብሎ እንደ ዳኛ ያዳምጣቸዋል። በመጨረሻ "ግማሽ ግማሽ ውሰዱ" ብሎ ፈረደና ድግስ ተደገሰ። ሁለት ዳስ ተጣለ፤ በአንዱ የክርስቲያን፣ በአንዱ የእስላም ሥጋ። የባቡር ሠራተኛው መጣ፤ ቢዮ አዋሌ ግማሹ መጣ፤ ስኳር የላሰው ሊቀመንበር ሳይቀር መጥቶ በላ። እንደዚያ ያለ ድግስ በሕይወቴ አላየሁም። ቄሱና ሼኹ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ቲማቲም ያወሩ ነበር።

በመካከሉ ጋሽ በላቸው ተነሣ። እኔን በስሜ ጠርቶ በቄሱና በሼኹ መካከል አስቀመጠኝ። "ሌላው ሁሉ ሲዋሸኝ እውነቱን የነገረኝ ይህ ልጅ ብቻ ነው። እሱ ባይነግረኝ ኖሮ ልጄን ሳላያት እቀር ነበር" አለ። ሰው አጨበጨበ። ሙሉ መጥታ ግንባሬን ሳመችኝ።

ያኔ ተነሥቼ እውነቱን መናገር እችል ነበር። ጉዳዩ በሳቅ ያልቅ ነበር፤ ድሬ ነውኮ! ምናልባት ይበልጥ ይስቁ ነበር። እኔ ግን ብርጭቆዬን አንስቼ "አሜን" አልኩ።

ጋሽ በላቸው ከዚያ በኋላ ሃያ ሦስት ዓመት ኖረ። የስፌት ማሽን ጥገና ተምሮ በመጋላ ያሉትን የልብስ ሰፊዎች ማሽን ሁሉ ሲጠግን ነበር። ሰሚራን ዳረ፤ ልጆቿን ትከሻው ላይ አዞረ። ያረፈው በእርጅና ነው፤ ምሳውን በልቶ፣ ጋደም ባለበት። እትዬ አስካለ ግን ቀድማው ሄዳለች። እውነቱን ሳትሰማ ሄደች። ሃያ ያህል እሑድ ጠይቃኝ ሃያ ጊዜ ዋሽቻታለሁ። ይህን ዕዳ ለማን ልመልስ?

ዛሬ ወጣቶቹ ሐኪሞች ከአንጎል ካንሰር ሴል ውስጥ ዓይን የማያየውን ምልክት አንብበው፣ ይህኛው ብዙ ይቆያል፣ ያኛው ቶሎ ይሄዳል ይላሉ ሲባል እሰማለሁ። ደስ ይለኛል። ግን ምልክቱ ያን ጊዜም አልዋሸም ነበር። ሰነፍ ነኝ፣ አልገድልም ብሎ ነበር። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ሰው ሊለኝ የሚችለውን አውቃለሁ። ልጅና አባት ታረቁ፤ ስኳሩ መጣ፤ ሃያ ሦስት ዓመት ደስታ ሆነ ይለኛል። ሆነ። ግን ያን ደስታ የሠሩት እነሱ ናቸው። ጋሽ በላቸው ጭነት መኪና ላይ የወጣው በራሱ እግር ነው፤ የተንበረከከውም በራሱ ጉልበት ነው። ከዚያ ሁሉ የእኔ ድርሻ የአንዲት ሴት እንባ ነው።

ሙሉ አለች። ቢዮ አዋሌ ናት፤ እሷም አርጅታለች። ቅዳሜ እሄዳለሁ። ትስቅ ይሆናል፤ የአባቷ ልጅ ናት፤ መሳቅን ከዚያ ዘመን ጀምራ ታውቅበታለች። እንድትስቅልኝ ግን አልሄድም። ቁጭ ብዬ፣ ዓይኗን እያየሁ፣ እንዲህ እላታለሁ፤ "ሙሉዬ፣ አባትሽን ስድስት ወር ቀርቶሃል ያልኩት ሳላውቅ ነው። እናትሽን እሑድ እሑድ ጓዳ ውስጥ ያስለቀስኳት ግን አውቄ ነው።"